የልጄ ዓይን በክንዴ ላይ

እኔ ሲፈጥረኝ ተጠራጣሪ ነኝ። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር" የሚለውን ሌላው ሰው ለጨዋታ ይለዋል፤ እኔ እኖርበታለሁ። ሱቅ ገብቼ "ይሄ በነጻ ነው" ከተባልኩ መጀመሪያ የማየው የተበላሸበትን ጎን ነው። ስሜን ጠርቶ በስልክ ሰላም የሚለኝን ሰው "ማን ነገረህ ስሜን?" ብዬ ነው የምቀበለው። ስለዚህ ልጄ አንድ ዓርብ ያንን ማሽን በካርቶን ይዛ ስትመጣ፣ ከማመስገኔ በፊት ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዞርኩት።

"ማሳጅ ነው ኢማ፣ ለትከሻሽ" አለችኝ፤ ኢማ በዕብራይስጥ እማዬ ማለት ነው። ቅርጹ ሽጉጥ ይመስላል፤ በዕብራይስጥም የሚጠሩት የማሳጅ ሽጉጥ ብለው ነው። "ሽጉጥስ አንድ ይበቃናል" አልኳት። አባቷ የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ በር ላይ ቆሞ የሰው ቦርሳ ይፈትሻል፣ መሣሪያም ይታጠቃል። ልጄ ሳቀች፤ እኔ ግን የምሬን ነበር።

የምንኖረው እስራኤል፣ ቤር ሸቫ ከተማ፣ ሽኩና ቫቭ የሚባል ሰፈር ነው። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሳጥን ከተንቀሳቃሹ መስመር ላይ ማንሳት ነው ሥራዬ። ቀኝ ትከሻዬ በመጀመሪያ ማታ ማታ ብቻ ነበር የሚያመኝ፤ በኋላ ፀጉሬን ለመሸፈን እንኳ እጄ አልነሳ አለ። ኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድን ክሊኒኩ፣ ሄጄ ሐኪሙ ኪኒን ሰጠኝ፤ ወደ ፊዚዮቴራፒም ላከኝ። እዚያ ያለችው ልጅ "ዋናው ቤትሽ የምትሠሪው ነው" ብላ በኳስና በስፖንጅ ጥቅልል እንዴት ጡንቻ እንደሚታሽ አሳየችኝ። "ቤትሽ ሥሪው" ማለት እኛን ከዚህ ለማባረር ነው ብዬ ነበር የወጣሁት። ይህን ለልጄ ስነግራት ነው ማሽኑን፣ ጥቅልሉንና ኳሱን ገዝታ የመጣችው።

ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ትኖራለች። የምትማረው ማኅበራዊ ሥራ ነው፤ የተቸገረ ቤተሰብ፣ የተበደለች ሴት፣ የተጣለ ልጅ፣ እንዲህ ያለውን ሁሉ። ዓርብ ዓርብ እኛ ጋ መጥታ ታድራለች። በዕብራይስጥ ነው የምታወራን፤ እኛ በአማርኛ እንመልሳለን፤ እንዲሁ እንግባባለን።

ሰው እንዳያየኝ መጋረጃውን ዘግቼ ሳሎኑ ወለል ላይ በጥቅልሉ ላይ ተጋደምኩ። አንዲት የልጅ እናት ወለል ላይ ስትንከባለል ማን ቢያይ ጨርቋን ጥላለች ነው የሚለው። ኳሱን ከግድግዳው ጋር አድርጌ ጀርባዬን አሸሁበት። ማሽኑን ጭኔ ላይ ሳደርገው ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፤ ቶሎ አጠፋሁትና ሶኬቱን ነቅዬ ትንሽ አየሁት። ቢሆንም ባቴና ጭኔ ቀለለኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ቀለለኝ። ያ የሚያመኝ ቦታ ግን፣ ከትከሻዬ አጥንት ሥር ያለው፣ እጄ አይደርስበትም።

ባለቤቴ ዝም ብሎ ሲያየኝ ሰነበተ። የእሱ አባት በአገራቸው የታወቁ ወጌሻ ነበሩ፤ የወለቀ የሚመልሱ፣ የዞረ ጅማት የሚያቃኑ። እሱ ሙያውን አልተማረም፤ እምነቱን ግን ወርሷል። እምነቱም ያላሳመመ እሽታ እሽታ አይደለም የሚል ነው። "ኤሌክትሪክ ስለ ሰው ጅማት ምን ያውቃል?" ይል ነበር። አንድ ቀን ክንዴን ወደ ኋላ ጠምዝዤ ስታገል አየና "አምጪው እስቲ" ብሎ ማሽኑን ተቀበለኝ።

አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠኝ። በግራ እጁ እንዳልንሸራተት የላይኛውን ክንዴን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ በቀኙ ማሽኑን ያቺው ቦታ ላይ ተከለው። ከካርቶኑ ውስጥ የወጣው ወረቀት በሥዕል ጭምር አጥንት ላይ አታድርጉ፣ በኃይል አትጫኑ ይላል፤ እሱ እንኳን ሊያነበው ገልብጦም አላየውም። ሻሼን ነከስኩ። ሲጨርስ ግን እጄን ወደ ላይ ሳነሳው ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። እኔ ከፋብሪካ ስመለስ፣ እሱ ወደ ጥበቃ ተራው ከመሄዱ በፊት፣ መኝታ ቤት ገብተን በሩን ዘግተን ያሸኛል። ባለቤቴ ወሬ የሚወድ ሰው አይደለም፤ ሲያሸኝ ግን ያወራ ነበር። ስለ አባቱ፣ አባቱ በቅሎ ጥሎት እግሩ የተሰበረ ሰው ስላዳኑበት ቀን፣ የት እንደሚጫኑ እንዴት በጣታቸው እንደሚያውቁ። አብረን ስንኖር ያልነገረኝን ነገር የማሽኑ ድምፅ ሲጀምር ነገረኝ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያመኝም ደስ ይለኝ ነበር። ክንዴ ላይ ደም መቋጠሩን አይቼዋለሁ፤ እጅጌዬ ይሸፍነዋል ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው በሌላ ዓርብ ነው። ልጄና እኔ ወጥ ቤት ነበርን። ለሰንበት ወጥ ትልቁን ድስት ከላይኛው መደርደሪያ ላወርድ እጄን ስሰቅል እጅጌዬ ተንሸራተተ። ልጄ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

"ኢማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

እጅጌዬን ቶሎ ወደ ታች ሳብኩ። "ምንም አይደል። በር ነው፣ የበሩ ጠርዝ መታኝ" አልኳት።

ለምን ዋሸሁ? አፍሬ ነው። እኛ ባደግንበት ባልና ሚስት በልጅ ፊት አይነካኩም። እኔ አባቴ የእናቴን እጅ ሲይዝ አንድም ቀን አላየሁም፤ እናቴም ስለ ገላዋ አንድ ቃል ነግራኝ አታውቅም። አሁን እኔ ለልጄ፣ አባትሽ መኝታ ቤት በር ዘግቶ ሸሚዜን አውልቄ ያሸኛል ልበላት? አፌ እምቢ አለኝ። በር የሚለው ቀለለኝ።

ልጄ ቢላዋውን አስቀመጠች። ከዚያ በአማርኛ ተናገረች፤ ልጄ በአማርኛ የምታናግረኝ ነገሩ ሲከብዳት ብቻ ነው።

"እማዬ፣ በር ጣት የለውም።"

እኔ ደግሞ ሳፍር እስቃለሁ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፤ ዓይኗን እጅጌዬ ላይ እንደተከለች ቆየች። ያኔ ነው ምን እንደምታስብ የገባኝ።

ማዕድ ላይ የአባቷን እጅ ትከተል ጀመር። ዳቦ ሲቆርስ እጁን ታያለች፤ ውሃ ሲቀዳልኝ እጁን ታያለች። ጨው ሊያቀብለኝ እጁን በፊቴ ሲያሳልፍ ደግሞ እኔን አየችኝ። እደነግጥ እንደሆን እያየች ነው ብዬ ሳስብ ደነገጥኩ። ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ባለቤቴ "ምነው?" አለኝ፤ "ምንም" አልኩ። ልጄ በዕብራይስጥ "አባ፣ ሥራ ላይ ተናድደህ ትመጣለህ?" ብላ ጠየቀችው። ምስኪኑ ደግሞ "ማን የማይናደድ አለ" አለና ምግቡን ቀጠለ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚጀምር ሰፈራችን ያውቃል። አንድ ስልክ ይደወላል፤ ፖሊስ ይመጣል፤ ሰውዬው ልብሱን በፌስታል ይዞ ደረጃውን ሲወርድ በሮች ገርበብ ብለው ያዩታል። ጥበቃ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚወስዱት መሣሪያውን ነው፤ መሣሪያውን የተቀማ ጥበቃ ሥራ የለውም። ይህ የሚገባቸው አሉ፤ አልዋሽም። አንዲት ጎረቤቴ ፊቷ አብጦ በሬን ስታንኳኳ በረዶ የያዝኩላት እኔ ነኝ። እሷም "በር ነው" ነበር የምትለኝ፤ እኔም አንድ ቀን አምኛት አላውቅም። ታዲያ ልጄ እኔን በምን ታምነኛለች?

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ጸሎት ቤት ሲሄድ ልጄን መኝታ ቤት አስገባሁና ማሽኑን አውጥቼ ሁሉንም ነገርኳት። በር አለመሆኑን፣ አባቷ እንደሚያሸኝ፣ እንዳልንሸራተት ክንዴን እንደሚይዘኝ።

"ትናንት በር ነበር" አለችኝ። "ዛሬ ማሽን ሆነ።"

"አፍሬ ነው።"

"ከምን?"

ከምን ልበላት? "እንዲሁ" አልኩ። አልጋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና በለስላሳ ድምፅ "እማዬ፣ እዚህ ማንም አይሰማንም። የምትነግሪኝ ነገር ካለ ጊዜ አለኝ" አለችኝ። ያ ድምፅ የልጄ አልነበረም፤ ትምህርት ቤት ያስተማሯት ነው። ልጄ እኔን እንደማታውቃት ሴት ስታናግረኝ ደሜ ፈላ።

"አባትሽ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም!" አልኳት።

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት" አለች፤ ዓይኗ እንባ አዝሎ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይባላል። የእኔ እውነት አድሮ ደፈረሰ። ልጄ ክፉ ሆና አይደለም፤ እኔን ልታድን ነው። እኔንም የቆጨኝ ይኸው ነው፤ ከማን ልታድነኝ!

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ወጥቶ መብራት ሲበራ ቦርሳዋን አዘጋጅታ አውቶቡስ ልትይዝ ተነሳች። ነገ ከአስተማሪዋ ጋር እንደምትገናኝ አውቃለሁ፤ ለአስተማሪዋ ምን ልትነግር እንደሆነም ጠርጥሬያለሁ። "ትንሽ ቆይ" አልኳት። መኝታ ቤት አስገብቻት ቁም ሳጥኑ አጠገብ አቆምኳት። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ በልጄ ፊት፣ ሸሚዜን ከትከሻዬ አወረድኩ። ፊቴ ነደደ። ባሌን ጠራሁት።

"ና፣ እንደ ሁልጊዜው እሸኝ።"

በሩ ላይ ቆመ። እኔን አየ፣ ማሽኑን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ ክንዴ ላይ ያለውን። "ምን ሆናችኋል?" አለ። የባለቤቴ እንጀራ ሰው መጠርጠር ነው፤ የሚጠረጥር ፊት ምን እንደሚመስል ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ልጁን አንዴ ደግሞ አያትና ገባው።

ቢሆንም እጁን ታጥቦ መጣ። ማሽኑን አበራው። ግራ እጁን ክንዴ ላይ አስቀመጠ እንጂ አልያዘኝም። የማሽኑ ጫፍ ጀርባዬን ዝንብ እንዳረፈበት ያህል ነካኝ።

"ጠበቅ አድርገው" አልኩት።

"ያምሻል።"

ይህን ቃል አንድም ቀን ብሎኝ አያውቅም። "እንደ ወትሮው ያዘኝ እንጂ፣ ጠበቅ አድርገው አልኩህ እኮ!" ጣቶቹ አልጨበጡም። ልጄን በቁም ሳጥኑ መስታወት አያታለሁ። እንዲህ ለስልሶ የሚያሽ እጅ ምልክት አይተውም፤ ታዲያ ምልክቱ ከየት መጣ ስትል ፊቷ ላይ ይነበባል። ላድነው ብዬ ይባስ አጠፋሁት።

ማሽኑን አጠፋው። ሄዶ ልጁ እጅ ውስጥ አስቀመጠው። "አንቺ እሺያት። ከአጥንቱ ሥር ነው፣ ዝቅ ብሎ" አላትና ወጣ። ሳሎን ወንበር ሲስብ ሰማሁት።

ልጄ ቆማ ቀረች። "ነይ" አልኳት፤ "በደንብ ተጫኚ፣ ካልተጫንሽ አይሆንም።" መጥታ ማሽኑን ያመለከትኳት ቦታ ላይ አደረገች። መጀመሪያ ፈራ ተባ አለች፤ እኔም "ጨምሪ" አልኳት። ስትጫን ወደ ፊት ገፋችኝና ከአልጋው ጠርዝ ተንሸራተትኩ። እንዳልወድቅ ክንዴን ለቀም አደረገችኝ፤ የያዘችኝ ደም የቋጠረበት ቦታ ላይ ነውና "እህ" አልኩ።

ወዲያው ለቀቀችኝ። ማሽኑ እየጮኸ አልጋው ላይ ወደቀ። ክንዴን ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ ከዚያ የራሷን ጣቶች አንድ በአንድ ምልክቶቹ ላይ አሳረፈች። አውራ ጣቷ በውስጥ በኩል፣ የቀሩት በውጭ፤ አያያዙ ያው ነው። የእሷ ጣት ቀጠን ይላል እንጂ ያው ነው። እጇን ሳታነሳ ቆየች፤ ከዚያ ተቀምጣ ፊቷን ሸፈነች።

"እማዬ፣ ይቅር በይኝ" አለችኝ።

ማሽኑን አጥፍቼ "እኔን አይደለም" አልኳትና ወደ ሳሎን ጠቆምኳት።

እንባዋን ጠርጋ "አባዬ" ብላ ተጣራች። ይህ ሰው ልጁ ስትጠራው፣ ተኝቶም ይሁን ደክሞት፣ መልሱ ሁልጊዜ "ወዬ የኔ እናት" ነበር። ያን ምሽት ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ለትልቅ ሰው እንደሚነሱት ተነስቶ ቆመና "አቤት" አላት።