ዘፈን ሳይሆን ጥሪ

ባሌ ብርሃኑ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሳፋሪ ጠርቷል። «ሲና ሲና ሲና፣ ደብረ ሲና!» ሲል ከጁስ ቤቴ ሆኜ እሰማዋለሁ። ሦስቱን ያጣድፋል፣ የመጨረሻውን ይስበዋል። ሌላው ይጮኻል፤ የኔው ይጠራል። ልዩነት አለው፣ እንዳትሳሳቱ!

ታዲያ ይሄን ሰው ነው ግንቦት ሲገባ ስትሮክ የመታው። ቀኝ እጁ ዛለ፣ አፉ ተዘጋ። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል፤ ሊመልስ ሲል ግን «ቴ... ቴ...» ብቻ ነው። ውሃ ሲጠማው «ቴ»፣ ሲናደድም «ቴ»። አንዳንዱ ጅል ደግሞ ጆሮ የከዳው ይመስል አጠገቡ መጥቶ ይጮህበታል።

ሆስፒታል ንግግር የምታለማምደው ባለሙያ፣ ናርዶስ የምትባል ልጅ፣ አንድ ነገር ነገረችኝ። «እትዬ ሮማን፣ የተጎዳው አንጎሉ ውስጥ ንግግር የሚያልፍበት በኩል ነው። ዜማ ግን በሌላም በኩል ያልፋል። የሚያውቀውን ዜማ አብረውት ይበሉ፤ በደህናው እጁ ምቱን ያስይዙት። ቃሉ ከዜማው ጋር ከወጣ፣ ዜማውን ቀስ እያልን እንቀንስለታለን።»

«ይድናል?» አልኳት።

«ቃል አልገባም። ግን እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዳያመልጡን።»

ልጀምር ስል አማቴ ሞቱ። ደብረ ሲና ቀበርናቸው። ብርሃኑ እንባው ይወርዳል፣ ድምፅ የለም። ለቀስተኛው «እናቱን እንኳ አላለቀሰም፣ አእምሮው ሄዷል ማለት ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

ሐዘን ቤት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም፣ እንኳን ሊዘፈን። ቀኑ ግን ማንንም አይጠብቅም። በር ዘግቼ፣ ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ፣ በሰርጋችን የተዘፈነውን በሹክሹክታ እለው ጀመር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ባይ ደስታ ድምፄን ከፍ አደረገው መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ወሬው ደብረ ሲና ደርሶ ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ታደሰ ከተፍ አሉ።

«የእናታችን አፈር ሳይደርቅ ጭፈራ!»

«ጋሼ፣ ሕክምና ነው እኮ...»

«ዝም በይ! ባልሽ ታሞ፣ እናቴ ሞታ፣ አንቺ ትዘፍኛለሽ? እስከ አርባዋ ድረስ ካልተናገረ ጸበል ወስጄ አስቀምጠዋለሁ። ሦስት ወር ይሁን አራት፣ እኔው አብሬው እሆናለሁ።»

ጸበልን አልጠላም፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ። ግን ቦታው ሩቅ ነው፣ ናርዶስ የለችም፣ የተጀመረው ሁሉ ሊቋረጥ ነው። አርባው ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ብርሃኑን ሳየው ሁሉን ሰምቷል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

ዘፈኑን ተውኩት። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ የሮቢት ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ጁስ ቤት አጠገቤ አስቀምጬው ማንጎ እልጣለሁ። በራችን ላይ ሚኒባስ ቆመና አዲሱ ጠሪ «ደብረሲናደብረሲና!» እያለ ያለ ምት ይንጫጫ ጀመር። ብርሃኑ በግራ እጁ ጠረጴዛውን ደበደበው። ጣ ጣ ጣ፣ ጣጣ ጣጣ! ተናዷል፤ ሥራውን አበላሹበታ!

ቢላውን ጥዬ እጁን ያዝኩ። «ሲና ሲና ሲና...» አልኩ።

የአንገቱ ሥር ተገታተረ። «ደብረ... ሲና!»

እግዚኦ! እኔ እልል አልኩ፣ ጎረቤቴ አሪፋ ከሱቋ ሮጣ መጣች። «አልሐምዱሊላህ! ይሄ እኮ ዘፈን አይደለም፣ ጥሪ ነው። ማን ይከለክልሻል?» አለችኝ።

ማንም! ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን መናኸሪያ ሆነ። «ውሃ ውሃ ውሃ፣ ትንሽ ውሃ!» «ቤት ቤት ቤት፣ ወደ ቤት!» በግራ እጁ ምቱን እያስያዝኩ እጀምራለሁ፣ እሱ ይጨርሳል። ደንበኛው «ውሃ ስንት ሰው ቀራት?» እያለ ያሾፍብናል። ያሹፍ! ያለ ጥሪው ግን አሁንም «ቴ» ነው፤ እኔ ካልጀመርኩለትም አንዲት ቃል አትወጣውም። አርባው ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ደከመውና የጥሪው ቃልም ጠፋው።

የአርባው ዕለት ደብረ ሲና፣ ካህናቱ ጸልየው፣ ሰው በልቶ ሲያበቃ፣ ጋሼ ታደሰ መጥተው ፊቱ ቆሙ። የጸበሉ ሻንጣ ድንኳኑ በር ላይ ተዘጋጅቷል።

«በል ብርሃኑ፣ እስቲ እንደ ድሮህ ጋሼ በለኝ።»

«ቴ...»

እጄን ወደ እጁ ስሰድ «አትንኪው!» አሉኝ። «ራሱ ይበል።»

«ቴ... ቴ...» በዚያ የሲና ብርድ ላብ በግንባሩ ይወርዳል። ጋሼ ታደሰ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱና ሻንጣውን አነሱ።

ብርሃኑ ግን እሳቸውን አያይም። ጥቁር ጨርቅ የተደረገበትን የእናቱን ፎቶ ነው የሚያየው። ግራ እጁ ጉልበቱን መታ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«እማ እማ እማ...»

የመናኸሪያ ጥሪ ነዋ፣ አንድ ጎረምሳ ሳቁ አመለጠው።

«እማ እማ እማ፣ የኔ እማ! እማ እማ እማ፣ ሄደች እማ!»

የመጨረሻውን እንደ ልማዱ ሳበው። የሚስቅ ጠፋ። ሴቶቹ እንደ ቀብሩ ዕለት ደረታቸውን መቱ። በአርባኛው ቀን፣ ባሌ እናቱን አለቀሰ።

ጋሼ ታደሰ ሻንጣውን ለቀቁት። መጥተው ፊቱ ተንበረከኩና ግራ እጁን ይዘው ጉልበቱ ላይ መቱት። በእናታቸው አርባ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ጀመሩለት።

«ጋሼ ጋሼ ጋሼ...»

«የኔ ጋሼ!» አለ ብርሃኑ።

ጋሼ ታደሰ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ፣ «ጸበሉን በጀሪካን እኔ አወርድለታለሁ» አሉኝ። «አንቺ ጥሪሽን ቀጥይ።»