ወደ ጎግ ስንሄድ የደበቅነው መርዶ

ባለፈው ሳምንት ሰፈሩ በሙሉ አኮረፈኝ። ጎረቤታችን አረፉ፤ ልጃቸው ደግሞ አይሱዙ እየነዳ ከኢታንግ በመምጣት ላይ ነበር። የተሰበሰቡት ሰዎች «ትንሽ አሟቸዋል ይባልና ቶሎ ይምጣ» ሲሉ፣ እኔ ደውዬ መኪናውን ዳር አስይዞ እንዲወርድ አደረግኩና ቁርጡን ነገርኩት። መርዶ በስልክ! ጋምቤላ ስትኖር ወጉ ጠፋባት ብለው አሙኝ። ይሙኝ። ኡጁሉን አያውቁትም።

ኡጁሉ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነበር። እኔ ያኔ ከደጋ የመጣሁ ጀማሪ ነርስ ነኝ፤ ሙቀቱን እንኳ በቅጡ አልለመድኩትም። ክትባት ይዘን ወደ ወረዳዎች ስንወጣ የሚነዳው እሱ ነው። መሪ ከያዘ ስልክ አያነሳም፤ የቤተ ክርስቲያኑን መዝሙር በለሆሳስ እያንጎራጎረ ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም። እኔ መኪና ውስጥ እንቅልፍ የሚወስደኝ እሱ ሲነዳ ብቻ ነበር። እናቱ ጎግ ወረዳ ታመው ከተኙ ሰንብተዋል፤ ሄዶ ሊያያቸው ፈቃድ ጠይቋል።

አንድ የክረምት ጠዋት ኃላፊያችን አቶ ጌታቸው ወደ ጓሮ ጠሩኝ። ከጎግ ተደውሎላቸዋል፤ የኡጁሉ እናት ሌሊቱን አርፈዋል። በዚያ ሙቀት አስከሬን ስለማይቆይ ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ነው። አቶ ጌታቸው ክፉ ሰው አልነበሩም። በእሳቸው አገር፣ በእኔም አገር፣ መርዶ የሚነገረው ሰው እህል ቀምሶ፣ ዘመድ ከቦት ነው። ስለዚህ «ብሷቸዋል፣ ሄደን እንያቸው» ብለን ልንወስደው ተስማማን። አቶ ጌታቸው መንዳት ያውቁ ነበር፤ መንጃ ፈቃድም ነበራቸው። ግን «መሪውን ከተቀበልኩት ይጠረጥራል» አሉ። ቀጥለውም ፊትሽን አስተካክይ አሉኝ። ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ከከተማ ስንወጣ ጎማው ቀዩ ጭቃ ላይ ይንሸራተት ነበር። ግራና ቀኙ ሣር ከሰው ቁመት በልጧል። ኡጁሉ መዝሙሩን ጀመረና ተወው። መንገዳችን ላይ ያለችው አቦቦ ከተማ ስንደርስ አቶ ጌታቸው አስቁመውት የተጠበሰ ዓሣ አዘዙ። እሾሁን በጣታቸው እየለቀሙ ሚጥሚጣ እያስነኩ አጎረሱት። አለቃ ሾፌሩን ሲያጎርስ አይቼ አላውቅም። ኡጁሉ የሰጡትን ሁሉ ጎረሰ፤ ዓይኑ ግን ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሳቸው ይሄዳል። እኔ ዓሣው ላይ አቀረቀርኩ።

አንድ ነገር ዘንግተናል። ስንቱን ደገኛ ባልደረባችንን ወደ መርዶው ያደረሰው ራሱ ኡጁሉ ነው። «ምንም የለም፣ ትንሽ አሟት ነው» እያለ ከእኛ ጋር አብሮ ዋሽቷል። ደገኛ ድንገት ለስልሶ ብላ ብላ ሲያበዛ ምን ይዞ እንደመጣ ያውቃል።

ከአቦቦ ወዲያ ዓይኑን ከመንገዱ እየነቀለ በመስተዋቱ ኋላ የተቀመጥኩትን እኔን ማየት ጀመረ። ያየኛል፣ ወደ መንገዱ ይመለሳል፣ ደግሞ ያየኛል። ፍጥነቱም እየጨመረ ሄደ። አቶ ጌታቸው ከጎኑ ተቀምጠው ዘንድሮ በቆሎው እንዴት እንዳማረ ያወራሉ። ቀስ በል ልለው ፈልጌ ድምፄ ያጋልጠኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ ኩርባ ላይ ዓይኑ ፊቴ ላይ እንዳለ፣ ሣር የተሸከሙ ሴት ከጫካው ብቅ አሉ። እኔ ስጮህ መሪውን ጠመዘዘው። ሴትየዋ ተረፉ፤ መኪናው ግን ተንሸራቶ በእሱ በኩል ከዛፍ ጋር ተላተመ።

እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። በእንጨትና በነጠላዬ ሳስርለት ቀና ብሎ አየኝ።

«ሲስተር፣ እናቴ ሞታለች?» አለኝ።

አቶ ጌታቸው ግንባራቸው እየደማ ከጀርባው ቆመው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። አትንገሪው ማለታቸው ነበር።

«አዎ» አልኩት። «ሌሊት ነው።»

ኡጁሉ ሳይቆጣ፣ «ጠዋት ብትነግሩኝ እኔ መኪና አቆማለሁ፣ አለቅሳለሁ» አለ። «ከዛ አቶ ጌታቸው ይነዳል። እኔ ኋላ ቁጭ ብዬ እናቴ ጋ እደርሳለሁ።»

አቶ ጌታቸው መንገዱ ዳር ጭቃው ላይ ተቀመጡ። በኋላ አንድ የጭነት መኪና አግኝተን ወደ ጋምቤላ ተመለስን። ሆስፒታል ተኝቶ እግሩ በጀሶ ሲታሰር፣ እናቱ ያለ እሱ ተቀበሩ።

ኡጁሉ ዛሬም ያነክሳል። አልተቀየመንም፤ እንዲያውም ሲያገኘኝ ስለ ልጆቼ ሳይጠይቀኝ አያልፍም። እኔን ነው ነገሩ ያልለቀቀኝ። ጠጥተህ አትንዳ፣ ስልክ እያወራህ አትንዳ ሲባል እሰማለሁ፤ ልቡ የተንጠለጠለ ሰው አይንዳ የሚል ግን አልሰማሁም። ቁርጡን ያወቀ ሰው አልቅሶ ይወጣለታል። የጠረጠረ ሰው እጁ መሪ ላይ ይሆናል እንጂ ዓይኑ የሰው ፊት ሲያነብ ነው የሚውለው።

የጎረቤቴ ልጅ መንገድ ዳር ተቀምጦ አለቀሰ፤ ሌላ ሾፌር ነድቶለት ቀብሩ ላይ ደረሰ። የሰፈሩ ኩርፊያ ሲበርድ ይበርዳል። ለልጆቼ አደራ ብያለሁ፦ እኔ የሞትኩ ዕለት ከመካከላችሁ መሪ የያዘ ካለ፣ አስቁማችሁ ንገሩት። እህል አልቀመሰም አትበሉ፣ ብቻውን ነው አትበሉ። ወጉ ይቅርብኝ፤ ልጄ ቀብሬ ላይ በእግሩ ይቁምልኝ።