የአክስቴ በርጩማ

ልጄ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ጥርሷን የተነቀለች ዕለት፣ አክስቴ በርጩማቸውን ደጃፍ ላይ አድርገው ጠያቂ አላስገባም አሉ። አንዲት ጎረቤት «እስኪ አፏን ልየው» ብትል፣ «ጥጡን ነክሳ ትተኛበት! የምታዪው ካጣሽ የራስሽን አፍ እዪ፣ እመቤት!» ብለው መለሷት። እኔ አፍሬ ተቆጣኋቸው።

«የሚቀየም ይቀየም፤ ደሙ ይቁም» አሉኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እሳቸውን ቀብረን ወር ሳይሞላ፣ የልጅ ልጄም ጥርሷን ተነቀለች። ጎረቤቶች ሊጠይቁ ሲመጡ ይሉኝታ ይዞኝ «ግቡ» አልሁ። አንዷ ጥጡን አውጥታ አየች፤ ሌላዋ «በጨው ውኃ ተጉመጥመጪ» አለቻት። ቆሞ የነበረው ደም እንደገና ፈሰሰ።

በራሴ ላይ ያደረብኝ ንዴት እስካሁን አልበረደም። በርጩማውን ከቀብር መልስ ወደ ጓዳ ያስገባሁት እኔ ነበርሁ። ዛሬ አውጥቼ ደጃፍ ላይ ተቀምጬበታለሁ። የሚቀየም ይቀየም።