ሳይነካ የተመለሰው ሳህን

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ኮት የሌላ ሰው ነበር። የቀድሞው ባለቤት ቁመተ ረጅም ኖሮ እጅጌው ጣቶቼን እስከ ጥፍር ውጧቸዋል። ፍራንክፈርት፣ ማይን ወንዝ አጠገብ ያለው ሆቴላችን ደረጃ ላይ ቆሜ እንግዳ ስቀበል፣ ሻንጣውን የማነሣው እኔ ልሁን ኮቱ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

በዚያው ቀን ሐር የለበሰች ሴትና ባሏ ወደ እኔ መጡ። የእንግዶች ዴስክ ላይ ማንም አልነበረም። ሰውየው «ዛሬ ማታ ጥሩ ምግብ የት እናገኛለን?» አለኝ። እኔ ደግሞ ስጠየቅ አላውቅም ማለት አልፈጠረብኝም። ጋሉስ በሚባለው ሠፈሬ ከቤቴ በታች ያለውን ዶሮ ጠባሽ ነገርኳቸው። መንገዱን ጭምር በእጄ ሳልኩላቸው፤ እጅጌው ቢከለክለኝም።

በማግሥቱ ፍራው ኬለር፣ በእኛ ወይዘሮ ኬለር፣ አስጠራችኝ። የዴስኩ አለቃ ናት፤ ከሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ይልቅ የምትፈራው እሷ ነበረች። እስከ ጡረታዋ ድረስ አንድም ቀን አንተ ብላኝ አታውቅም።

«ሄር ታደሰ፣ እንግዶቹን ዶሮ ቤት የላኳቸው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ዶሮው ግሩም ነው።»

«ዶሮው ግሩም እንደነበረ ነግረውኛል። ሃያ አምስተኛ ዓመት ጋብቻቸውን ቆመው እንዳከበሩም ነግረውኛል።»

ከሥራ የምባረር መስሎኝ ኮቱን ማውለቅ ጀመርኩ። እሷ ግን «ይልበሱት» አለችና ወንበር ሳበችልኝ። «ስለ ምግብ ሲናገሩ ዓይንዎ ይበራል። ይህን ማስተማር አይቻልም። ሌላው ይቻላል» አለች። ሻንጣ ተሸካሚነቴ እንደዚህ አበቃ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ከሻንጣ ወደ በር፣ ከበር ወደ ዴስክ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ትምህርቱ ግን ያን ቀን ተጀመረ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። እንግዳ ይመጣል፣ የት ልብላ ይላል፣ ትመርጥለታለህ። ፍራው ኬለር የከለከለችኝ የመጀመሪያ ነገር የምግብ ቤት ስም ቶሎ መጥራት ነው። አስቀድሞ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ጠይቅ። ዛሬን ለምን እንደመረጠ ጠይቅ። በአፉ የማይገባውን ጠይቅ። ስም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከተማችን ደግሞ መልስ አያጣም። እንጨቱ የጠቆረ አሮጌ መጠጥ ቤት አለ፣ በምግቡ ኮከብ የተሸለመ አለ፣ ሕንፃ አናት ላይ የተሰቀለም አለ።

ጠዋት ጠዋት ይዛኝ ትዞር ነበር። በፊት በር አንገባም፤ በጓሮ ነው። አትክልቱ ምን ሆኖ እንደሚራገፍ ታያለች። ወጥ ሠሪዎቹ ራሳቸው ተቀምጠው ይበሉ እንደሆነ ታያለች። ሳክሰንሃውሰን በሚባለው ሠፈር የአፕል ወይን ያስቀመሰችኝ በእንደዚህ ያለ ዙር ነው። ቀመስኩና «ጌሾ ጎድሎታል» አልኩ። ጌሾ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ሳስረዳ ሥራ ረፈደብን። አረንጓዴውን የከተማዋን ሶስም፣ ያንን በሰባት ዓይነት ቅጠል የሚሠራውን፣ ጥሬ ጎመን በእርጎ ነው ብዬ ነበር። አሁን ስለ እሱ ክፉ የሚናገር ሰው ቢመጣብኝ እጣላለሁ።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ ልታስተምረኝ አልቻለችም።

አዲስ ምግብ ቤት ስትመረምር አንዱን ሳህን ሳትነካ ትመልሳለች። ክፋት አይደለም፣ ፈተና ነው። «ጥሩ የሚያበስል ሞልቷል። ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስ ምን እንደሚሆኑ ነው ማየት የምፈልገው» ትላለች። እኔንም እንድመልስ አዘዘችኝ። ከነዓይኑ የቀረበ ዓሣ ፊቴ ተቀምጧል። አስተናጋጁ መጥቶ «ሁሉም ደህና ነው?» አለ። ይህን የፈጣሪን እህል ምን ብዬ ልመልሰው? «እጅግ ደህና ነው» አልኩና ዓሣውን፣ ቅጠሉን፣ ለጌጥ የተቀመጠችውን አበባ ሳይቀር በላሁ።

«ሄር ታደሰ፣ ለዚህ ሥራ አይረቡም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ተከፋፈልን። እሷ ትመልሳለች፣ እኔ እበላለሁ። ቦርጬ የሙያ ጉዳት ነው።

ሳክሰንሃውሰን ያለውን ትንሹን ባለ ኮከብ ምግብ ቤት ያገኘነው በዚህ መንገድ ነው። የሳሎኑ ኃላፊ ሄር ሃርትማን ይባላል፤ ቀጭን ሰው፣ ድምፁ የማይሰማ። ፍራው ኬለር ሳህኗን ገፋ ስታደርግ ሌሎች አስተናጋጆች መጀመሪያ የሚያዩት ሳህኑን ነው። እሱ ሳህኑን አላየም። እሷን አያትና «አይቸኩሉ፤ ወጥ ቤቱ ይጠብቃል» አለ። ስንወጣ ፍራው ኬለር «ይኼኛውን ለከባድ ቀን እናስቀምጠው» አለች።

ከባዱ ቀን የመጣው እሷ ጡረታ ወጥታ፣ እኔም ለሬንተዬ፣ ማለትም ለጡረታዬ፣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው።

የአቶ ግርማ ልጅ ሳራ ዴስኬ ድረስ መጣች። ግርማ የጋሉስ ጎረቤቴ ነው፤ ዕድሜውን በአየር ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን የኖረ ጴንጤ። ኦርቶዶክስ መሆኔን እያወቀ «ወንድም ታደሰ» ይለኛል፤ ተስፋ አልቆረጠም።

«ጋሼ፣ ቴርሚን አለን፤ ቀጠሮው ተቆርጧል» አለች ሳራ። «የሉካስ ወላጆች ለሽምግልና ሊመጡ ነው። አባዬ ቤታችን ጠበበ ብሎ አፈረ፤ እነሱም እናንተን ማስቸገር አንፈልግም አሉ። ምግብ ቤት ይሁን ተባለ። የት ይሻላል?»

ሉካስ የሚባለው ኖርድኤንድ ሠፈር ያደገ ጀርመናዊ እጮኛዋ ነው። ፍራው ኬለር እንዳስተማረችኝ ጠየቅኩ። ከማን ጋር? ከማይተዋወቁ ወላጆች ጋር። ለምን በዚያ ቀን? ልጅ ለመጠየቅ። የማይገባው? አሳማና አልኮል።

«አባትሽ እንቢ ቢልስ?»

ወደ ጀርመንኛዋ ተመለሰች፤ የሚያስለቅስ ነገር ሲመጣ እዚያ ነው የምትሸሸው። «ያለ እሱ ምርቃት አላገባም። ሉካስም ያውቃል።»

ወዲያው ለሄር ሃርትማን ደወልኩ። ቅዳሜ ምሽት፣ ጥግ ያለችው ክፍል፣ ከየምግቡ ጋር በወይን ፋንታ ጭማቂ። ስልኩን ስዘጋ በራሴ ኮራሁ። እንዲህ ዓይነት ኩራት ሲሰማኝ የመጀመሪያ ቀን ኮቴን ማስታወስ ነበረብኝ።

ለጀርመኖቹ ወገን ሽማግሌ ስለጠፋ እኔው ሆንኩላቸው። የሉካስ አባት ሄር ፎግት፣ ሚስቱና እኔ። ሴት በሽማግሌነት አይታወቅም ይል የነበረው ግርማ፣ ፎግት ስለ ሚስቱ «ካልመጣች እኔም አልመጣም» ማለቱን ሲሰማ እሺ አለ። ሳራና ሉካስ በደንቡ መሠረት በቦታው አይገኙም፤ ወንዙ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ሄር ፎግት ገባ። አስተናጋጁ ወንበር ሳበለት፤ አልተቀመጠም። ቀጥ ብሎ ቆሞ በአማርኛ «የመጣንበት ጉዳይ አለን» አለ። ሳራ ለሉካስ አስጠንታው፣ ሉካስ ለአባቱ አስጠንቶት ኖሯል። የግርማ ዓይን እንባ አቀረረ። «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!»

የመጀመሪያው ሳህን መጣ። አረንጓዴው ሶስ ነው፤ ከላዩ የድርጭት እንቁላል፣ ሳህኑ መሀል ላይ እንደ ቀለበት ተቀምጧል። ሄር ፎግት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «መልሳችሁን ሳንሰማ እህል አንቀምስም።»

«እሰይ!» አለ ግርማ፣ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። «ወንድም ታደሰ፣ እንዲህ ያለ ሽማግሌ አገር ቤትም የለ!» ከዚያ በደስታ ብዛት እሱም ደንቡን አጠናቀቀ። «እንግዲህ ከዘመድ ጋር እንምከርበትና ሌላ ቀን ተመለሱ።»

ይህን ስተረጉም ነው የገባኝ። ግርማ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይልም፤ ልጁን አራከሰ ይባላል። ፎግት እሺ ሳይሰማ አይበላም፤ ቃሉ ነው። ግርማም እንግዳው ሳይበላ አይጎርስም። ጀርመንና ሐበሻ ሁለቱም ደንብ አክባሪ ሆነው ሰባት ምግብ በየተራ ሊመጣብን ነው።

ሳህኑ ሳይነካ ተመለሰ። ሁለተኛው መጣ፤ ዓሣ ነው። ሽማግሌ ነኝና እኔም መንካት አልችልም። ሽታው ብቻውን ሰው ያስኮበልላል። እሱም ተመለሰ። ዕድሜ ልኬን ያልቻልኩትን በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ሠራሁት።

ሄር ፎግት ፊቱ እየጠቆረ ሄደ፤ ሌላ ቀን ማለት እንቢ ማለት መስሎታል። ሚስቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። እንዲህ ቅር ብሏቸው ቢነሱ ነገሩ አለቀ፤ ሳራ ወንዝ ዳር ናት።

ሄር ሃርትማን መጣ። ሳህኖቹን አላየም። እኔን አየ። «ሄር ታደሰ፣ አይቸኩሉ፤ ወጥ ቤቱ ይጠብቃል።»

ያኔ ከግርማ ጎን የተቀመጠችው ሚስቱ ወይዘሮ አስቴር አፏን ከፈተች።

«ግርማ፣ ዘመድ የምትለው ማንን ነው?»

«ማለት?»

«ፍራንክፈርት ውስጥ ከእኔ ሌላ ዘመድ አለህ? እኔን አማክረኝ። እነሱ ይውጡና ይመለሱ።»

«አንቺ ሴት፣ ሌላ ቀን ነው ያልኩት!»

ወደ መስኮቱ አመለከተች። ፀሐይዋ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ልትገባ ጥቂት ቀርቷታል። «ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከጨለመ ምን ይባላል?»

ግርማ አሰበ። «ለእሑድ አጥቢያ» አለ።

«ታዲያ ሌላ ቀን አይደለም?»

ግርማ መሳቅ ጀመረ። እኔ ለፎግቶች ተረጎምኩ። በእኛ አነጋገር የቅዳሜ ሌሊት የእሑድ ነው፤ ቅዳሜ ወጥታችሁ እሑድ ትመለሳላችሁ። ሄር ፎግት ግንባሩን ቋጥሮ መረመረው። ከዚያ ተነሥቶ ካፖርቱን ለበሰ። «ይህ ምክንያታዊ ነው» አለ።

ሦስታችን ስንወጣ ሳራ ከአግዳሚው ላይ አየችንና እየሮጠች መጣች።  «ጋሼ፣ ከለከለ?»

«አልከለከለም። ቀጠሮ ሰጠ።»

«ለመቼ?»

«የእግረኞች ድልድይ ደርሰን እስክንመለስ።»

ሉካስ አባቱን አየው። አባቱ «ለእሑድ አጥቢያ» የሚለውን እየተለማመደ ነበር፤ «ጥ» ላይ ይደናቀፋል። ድልድዩ መሀል ቆመን ፀሐይዋ ስትገባ ጠበቅናት። አንድ ጀርመናዊ ፀሐይ በሰዓቷ መግባቷን ሲቆጣጠር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ተመለስን። ስንወጣ ለሄር ሃርትማን በሁለት ቃል ነግሬው ነበር። በሩ ላይ ቆሟል። በሕይወቱ አይቶን እንደማያውቅ ሰው አጎንብሶ ተቀበለን።

«እንደምን አመሻችሁ። ሬዘርቪሩንግ አላችሁ? ቦታ አስይዛችኋል?»

ሄር ፎግት ደረቱን ነፋ። «አለን። ለእሑድ አጥቢያ።»

ሃርትማን ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብሎ በቁም ነገር ፈለገ። ፊቱ ላይ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችም። «አዎ፣ ይኸው። ስንጠብቃችሁ ነበር።»

የጠረጴዛው ልብስ ተለውጧል። ሻማው አዲስ ነው። ግርማ ቆሞ ተቀበለን። «ከዘመድ ጋር መከርን» አለ፤ ዘመዱን በጎን አየት አድርጎ። «ልጃችንን ሰጥተናል። እንግዲህ እህል ቅመሱ።»

ሳራና ሉካስ ሲጠሩ ሁለት ወንበር ሊጨመር ነው ብዬ ዞር ስል፣ ሁለቱ ወንበሮች አስቀድመው ተቀምጠዋል። አረንጓዴው ሶስ እንደገና ተሠርቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ መጣ። ግርማ አባታዊ ጸሎት ጸለየ፤ ጴንጤ ሲጸልይ አያጥርም። ሄር ሃርትማን እጁን አጣምሮ በሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። ወጥ ቤቱም ጠበቀ። እኔ አበባዋን ሳይቀር በላሁ።

በማግሥቱ ለፍራው ኬለር ደወልኩና «ሳህን መለስኩ» አልኳት።

«በመጨረሻ!» አለች። «ሃርትማን ምን አለ?»

ነገርኳት። ስትስቅ ሳል ያዛት። ሳሉ ሲተዋት «ሄር ታደሰ፣ አሁን ጡረታ ሊወጡ ይችላሉ» አለችኝ።

ዴስኩ ላይ ለተተካችሁኝ የምላችሁ ይህን ብቻ ነው። ምግብ ቤት ስትመርጡ ኮከቡን ቁጠሩ፣ ምግቡንም ቅመሱ። ከዚያ ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስ አስተናጋጁ ሳህኑን ያይ እንደሆነ ወይስ ሰውየውን ተመልከቱ። ሰውየውን የሚያይ ከሆነ እንግዳችሁን ላኩ። እኔ ሦስተኛ ሳህን መመለስ አልችልም፤ እናንተ ሞክሩት።