መብራት እንዲጠፋ የለመነችው

ሚስቴ የዶክትሬት ትምህርቷን የምትማረው በሁለት የትምህርት ክፍሎች መሃል ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ሰዎች «የሰው ጠባይ ነው የምታጠናው» ብለው ወደ ማኅበራዊ ጥናት ይሰዷታል። የማኅበራዊ ጥናቶቹ ደግሞ «የማሽን ነገር ነው» ብለው ይመልሷታል። ዘመዶቼማ «መሃል ሰፋሪዋ» የሚል ስም አወጡላት። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ በአንድ ሽቦ አምፖል እንደማይበራ አውቃለሁ። ስለዚህ በእሷ ሲቀልዱ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነው የምነሳው።

የምታጠናው የጤና ጣቢያውን ተራ መጠበቂያ አዳራሽ ነው። ድሮ የገባ ሁሉ «የመጨረሻው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወሬው ይቀጥላል፣ የጉልበቱ ሕመም፣ የልጁ ጠባይ፣ የቤት ኪራዩ። በኋላ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ተተከለ። ሰው ወረቀቱን ይዞ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ አፍጥጦ ማየት ሆነ ሥራው። ጆሯቸው የደከመ አዛውንት ቁጥራቸው ሲያልፍ እንኳ «አባባ፣ ተራዎ ደረሰ» የሚላቸው ጠፋ። እሷም «ሰዉን ዝም ያሰኘው ማሽኑ ነው» ብላ ጻፈች።

ጽሑፏን ልታቀርብ ፈታኞቿ ፊት ስትቆም የኮምፒውተሩ ፕሮፌሰር መነጽሩን አውልቆ፣ «ማሽኑ ባይመጣስ ሰዉ ዝም አይልም ነበር ያለሽ ማነው? ዘመኑም እኮ ተለውጧል» አላት። ይህን የሚያሳይ ማስረጃ እንድታመጣ አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጧት። ያ ካልተሳካ የዓመታት ልፋቷን ውኃ በላው ማለት ነው።

ለቀናት አኩርፋ ከረመችና አንድ ቀን ሳህን እያጠበች «መብራት!» ብላ ጮኸች። «መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። ሰዎቹ እነዚያው፣ አዳራሹም ያው፣ የሌለው ማሽኑ ብቻ!»

የእኛ ሰፈር መብራት ታዲያ፣ ስንት ዘመን ሲያንገበግበን የኖረው፣ ያን ሰሞን አልጠፋም አለ። ሰፈሩ ሁሉ ሲደሰት እሷ ብቻ ከአዳራሹ ጥግ ተቀምጣ አምፖሉን በክፉ ዓይን ታያለች።

«ምን አስጨነቀሽ? እኔ ሄጄ ከቆጣሪው ቆርጬ አልገላግልሽም?» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? በበሽተኛ ቀልጄ ዶክተር ልባል? ይቅርብኝ!»

እውነቷን ነው፤ አፈርኩ። ግን የፈተናዋ ቀን እየተቃረበ ሲሄድ እኔም በሆዴ «እባክህ ጥፋ» ማለት ጀመርኩ።

አንድ ረፋድ ላይ ሕንፃ ላይ ግድግዳ ስበሳ መሰርሰሪያው በእጄ ላይ ቀጥ አለ። ሥራ ሲቆምብኝ ስስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። «ጠፋ! ጠፋልኝ!» ትላለች። የጤና ጣቢያው ጀነሬተር የሚያበራው የሕክምና ክፍሎቹን ብቻ ስለሆነ ማሽኑ ቆሟል።

እንደነገረችኝ፣ ሰዉ መጀመሪያ የጠቆረውን ሰሌዳ አየ። ከዚያ ልጅ የታቀፈች ሴት ዞር ብላ «የእርስዎ ቁጥር ስንት ነበር?» አለች። ትንሽ ቆይቶ አዳራሹ እንደ ገበያ ደመቀ። የማይሰሙትንም አዛውንት አንድ የማያውቃቸው ጎረምሳ ክንዳቸውን ይዞ በር ድረስ አደረሳቸው። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ፊቶች አንድ በአንድ ወደ ሰሌዳው ዞሩ፣ ወሬውም ከሰመ። ከዚያ ወዲያማ መብራቱ ምስጢሩ የገባው ይመስል እየደጋገመ ይጠፋላት ጀመር። ማሽኑም የቆመበትን ሰዓት፣ ሲሠራም ተራው ያለፈበትን ሰው ሁሉ በራሱ መዝግቦ አስቀምጦላታል።

እንደገና ፈታኞቿ ፊት ስትቆም ፕሮፌሰሩ ሰንጠረዡን አገላብጦ አየና፣ «ታዲያ ማሽኑ ይነቀል ነው የምትይው?» አላት።

«አይ፣ ፕሮፌሰር። ማሽኑ ተራ ያስከብር፤ ለሰዉም የሚነጋገርበትን ምክንያት ይተውለት። ቁጥሩ ካለበት ወረቀት ግርጌ ‹ከጎንዎ ያሉትንም ቁጥራቸውን ይጠይቁ› የሚል አስጨመርኩ። ተራ የሚያልፋቸው አዛውንት በግማሽ ቀነሱ።»

ፕሮፌሰሩ ሳቀ። «ይቺ የእኛ ክፍል ልጅ ናት» አለ።

«ምን ሲደረግ! የእኛ ናት እንጂ!» አለች የማኅበራዊ ጥናቷ ፕሮፌሰር፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

ሚስቴ የማለፊያ ቅጿንና እስክሪብቶ አውጥታ በመካከላቸው ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«መጀመሪያ ፈርሙልኝ» አለች። «ከዚያ ትካፈሉኛላችሁ።»

ሁለቱም ፈረሙ። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ እንባዬን መያዝ አቃተኝ፤ አልያዝኩትምም።