የቤዝቦል ቡድናችን አጀማመርና አጨራረስ

የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ለምሥረታ በዓሉ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጁ፣ ስለ ቀድሞው የቤዝቦል ቡድናችን አንድ ገጽ ታሪክ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። አንድ ገጽ ምን አላት ብዬ እሺ አልኩ። ልጽፍ ስቀመጥ ግን እጄ አልንቀሳቀስ አለ። ቡድኑ ለምን እንደተቋቋመ አላውቅም። መቼ እንደፈረሰም አላውቅም። ጭራሽ መፍረሱንም እርግጠኛ አልነበርኩም።

አዎ፣ ቤዝቦል። የሃርልስደን ሰፈር ሐበሾች፣ እግር ኳስ እያለልን፣ በለንደን ዝናብ ዱላ ይዘን እንቆም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጫወተው በሊጉ የመጨረሻው ዲቪዚዮን ውስጥ ነው፤ ከእኛ በታች ያለው ሣሩ ብቻ ነበር። ኳሷን የመታ ሰው ለምን እንደሚሮጥ በኋላ በኋላ ገብቶኛል፤ መቼ እንደሚቆም ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሲጮሁብኝ እሮጣለሁ፣ ሲጮሁብኝ እቆማለሁ። አንድ ጊዜ አሸንፈን ነበር፤ ማሸነፋችንን ያወቅነው ተጋጣሚዎቻችን መጥተው ሲጨብጡን ነው።

ታዲያ ማን አስገደዳችሁ ብትሉኝ፣ ማንም። አሠልጣኛችን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖረው ወደ ለንደን የመጡ፣ ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ በካውንስል ፍላት፣ እንደ አገር ቤቱ ቀበሌ ቤት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ቤዝቦል ነፍሳቸው ነው ብለን አምነን ነበር። እንዲህ የሚወዱትን ነገር «ሰለቸን» ብሎ የሚነግራቸው ደፋር ከየት ይምጣ? ይሉኝታ ያዘን።

ስለዚህ ቡድኑን ያፈረሰው የለም። አንዱ የሥራ ሺፍት አለብኝ አለ፣ አንዱ ጉልበቴን አመመኝ አለ፣ ሌላው ልጅ ወለደ። ጋሼ ግን ዛሬም ድረስ አርብ አርብ ይደውሉልኛል።

«ነገ አለን?» ይሉኛል፤ ጨዋታውን ማለታቸው ነው።

«ነገ እንኳ ሺፍት አለብኝ ጋሼ፤ ለሚቀጥለው ይሁን።»

«በል እሺ፣ ለሚቀጥለው።» ከዚያ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፣ ስለ ወገቤ ይጠይቁኛል፣ መርቀውኝ ስልኩን ይዘጋሉ። እንዲህ ስንባባል ዓመታት አለፉ። አሁን «ፈረሰ» ብዬ ጽፌ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢያነቡት ልባቸው ይሰበራል ብዬ ፈራሁ።

እስቲ ላጣራ ብዬ ለሁለት የድሮ ተጫዋቾች ደወልኩ። አንደኛው፣ «ሜዳውን ቡክ አድርጎ የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ነው ያበቃው» አለኝ። ካምደን የሚሠራው ሌላኛው ደግሞ፣ «ኧረ አላበቃም፣ ብሬክ ላይ ነን፣ እያረፍን ነው» ብሎ ተቆጣ። ለምን ጀመርነው ስላቸው ግን ሁለቱም አንድ ቃል ተናገሩ፦ «ለጋሼ ብለን ነዋ!» ደውዬ ከማወቅ ይልቅ ይበልጥ ግራ ገባኝ።

ቅዳሜ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ኳስ የምንቀልብባቸውን ትልልቅ የቆዳ ጓንቶች ሶፋው ላይ ደርድረው በቫዝሊን ሲወለውሉ አገኘኋቸው። «እንዳይደርቁባችሁ ብዬ ነው» አሉኝ። ፈረሰ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ ሲለኝ ከመጀመሪያው ልጀምር አልኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቤዝቦልን እንዴት ወደዱት?»

«እኔ?» አሉ። «እኔ እኮ አሜሪካ ስኖር ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። እንኳን ልጫወተው ቁጭ ብዬ አይቼውም አላውቅ።»

«ታዲያ ጓንቱ?»

«እሱንማ እዚያው አሜሪካ ጎረቤቴ ቤት ሲለቅ ትቶልኝ ነው። ረሳኸው እንዴ? እዚህ የገባሁ ሰሞን ልትጠይቁኝ መጥታችሁ፣ አንተ ከመደርደሪያው አነሳህና ‹ጋሼ፣ እንዴት የሚያምር ጓንት ነው!› አልከኝ። ውሰደው ብልህ እንቢ አልክ። ይሉኝታ ይዞት ነው እንጂ ወዶታል ብዬ ለጓደኞችህም ፈልጌ አመጣሁ፤ ቡድንም አቋቋምኩላችሁ።»

ማለቴ ትዝ አለኝ። እንግዳ ሆኖ ሰው ቤት ገብቶ አንድ ነገር ሳያደንቁ መውጣት ነውር ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ከጓንቱ ሌላ የሚደነቅ ዕቃ አልነበረም።

«እኛ እኮ ለእርስዎ ብለን ነው የተጫወትነው» አልኩ።

«እኔ ደግሞ ለእናንተ! በዚህ ጉልበቴ፣ በዚያ ዝናብ!» ብለው ሳቁ። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

«እንግዲያው ፈረሰ ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፍ፣ ጻፍ! ተገላገልን።»

ቀለል አለኝ። እስከ ሊፍቱ ድረስ ሸኙኝ። በሩ ሊዘጋ ሲል በእጃቸው ያዝ አደረጉት። ፊታቸው ላይ የቅድሙ ሳቅ አልነበረም።

«እንግዲህ አርብ አርብ ምን ብዬ ልደውልልህ?» አሉኝ።

በሩን ለቀቁት። ሊፍቱ ይዞኝ ወረደ።

ሳምንቱን ሙሉ ገጹን እየጀመርኩ ተውኩት። አርብ ከሥራ ስወጣ ስልኬን ቼክ አደረግኩ፤ አልደወሉም። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሜ እኔው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ነገ አለን?»

«ሺፍት የለብህም እንዴ?» አሉኝ።