አማቴ ያጠቡት ስፖንጅ

አማቴ ለፋሲካ ቤት ማጽዳት ከጀመሩ የሚያቆማቸው የለም። በዋዜማው ቅዳሜ ቪዲኮን በሚባለው ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤታችን መጋረጃዋ ወርዶ ታጥቦ፣ ምድጃዋ ተፈትጎ ሲያበቃ ዓይናቸው ዓሦቼን በማኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ በአኳሪየሙ ላይ አረፈ። የውሃ ማጣሪያውን ሳጥን ከፈቱና ቡናማ አተላ የጠጣውን ስፖንጅ አዩ። ከሥራ ስገባ በኩራት አሳዩኝ፤ በረኪና ባለው ሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ነጭ አድርገውታል።

«ዓሦቹስ በዓል አይውሉም?» አሉኝ።

በዓሉን ዋሉ። ከበዓሉ ማግስት ግን ውሃው ደፈረሰ፤ አንዳንዶቹ ሞተው ተንሳፈፉ፣ የቀሩት አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ያለከልኩ ጀመር።

እኔ ግልፍተኛ ነኝ። ሚስቴ ላይም፣ ስልኬም ላይ እጮሃለሁ። አማትን ግን በምን አፍ ይቆጧቸዋል? ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከአዲስ አበባ ወደኛ መጡ። ከመጡ ጀምሮ ፍሪጅ ለመክፈት እንኳ የሚያስፈቅዱ፣ ሲራመዱ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ሆነው ነበር። እንደ ልባቸው የሚናገሩት ከዓሦቹ ጋር ብቻ ነው፤ «አንተ ሆዳም፣ ለሌላውም ተው እንጂ!» ሲሉ ከመኝታ ቤት እሰማለሁ። የገደሏቸው እሳቸው መሆናቸውን ካወቁ በዚህ ቤት ዳግመኛ ምንም ነገር አይነኩም ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ቆረጥኩ፤ የቀሩት ይተርፋሉ፣ እሳቸውም አያውቁም።

የዓሣ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ፤ መደርደሪያው በጠርሙስ ተሞልቷል፤ ሁሉም ተአምር እሠራለሁ ይላል። ሻጯ ክሎሪን የሚያጠፋውን ፈሳሽ ሰጠችኝ፤ የበረኪናውን ቅሪት ያከሽፋል። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው አለችኝ። ስፖንጁ ላይ የነበረው አተላ የዓሦቹን መርዛም ቆሻሻ የሚበሉ ባክቴሪያዎች መኖሪያ ነበር፤ እነሱ አልቀዋል። ቆሻሻ የሚመጥጠውን የማጣሪያ ከሰል ተውኩት፣ ቶሎ ይሞላል። ባክቴሪያ የሚያድርባቸውን የሸክላ ቀለበቶች ገዛሁ። እነሱም ግን ሥራ እስኪጀምሩ ሳምንታት ይፈልጋሉ፣ ዓሦቼ ደግሞ ሳምንታት የላቸውም። ጤነኛ አኳሪየም ውስጥ የቆየ ስፖንጅ ካገኘሁ ከሁሉም እንደሚሻል ነገረችኝ።

ጄኔቭ ስኖር ትልቁን አኳሪየሜን የሰጠሁት ጓደኛ አለኝ። ደወልኩለት።

«የማጣሪያህን ስፖንጅ ግማሹን ቁረጥልኝ። እንዳታጥበው!»

«ሰው ከጄኔቭ ቸኮላት ያስልካል፤ አንተ እድፍ?» ብሎ ሳቀብኝ።

እስከ ቅዳሜ ድረስ በየማታው ጥቂት ውሃ እየቀየርኩ፣ ፈሳሹን እየጨመርኩ አቆየኋቸው። ቅዳሜ በጠዋት ባቡር ሄጄ፣ ስፖንጁን ከነውሃው በፌስታል ይዤ በሚቀጥለው ባቡር ተመለስኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴት ሽታውን አልቻለችም፣ ወንበር ቀየረች። አልፈረድኩባትም። ያ ስፖንጅ በኋላ የቀሩትን አተረፋቸው፤ ያን ዕለት ግን ይህን አላውቅም ነበርና መንገዱን ሁሉ ለአማቴ የምናገረውን ውሸት ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት።

በር ላይ ጠበቁኝ። «ምንድን ነው ይሄ የሚሸት?»

«የዓሦቹ መድኃኒት ነው፣ እማማ።»

ፌስታሉን ተቀብለው ወደ ብርሃን ያዙት። «ይሄማ ያን ዕለት ያጠብኩት ዓይነት ነው» አሉ። ወደ አኳሪየሙ ዞሩ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «አዎ። ሳያውቁ ነው እንጂ...»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።»

«በልጄ ላይ ስትጮህ እሰማለሁ» አሉኝ። «እሷም ትጮህብሃለች፣ ከዚያ አብራችሁ እራት ትበላላችሁ። እኔን ግን ቁጣም ነፈግኸኝ። እንግዳህ ነኝ?»

አዘንኩላቸው። ደግሞም ተናደድኩ፤ በሳቸው ይሁን በራሴ አልለየሁትም። ከሚስቴ እናት ጋር እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም።

«እንግዲያውስ ይስሙኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ማጣሪያው በቧንቧ ውሃ አይታጠብም! ሲቆሽሽ ከራሱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ይደረጋል፣ በቃ! ሁለተኛ እንዳይነኩት!»

ሚስቴ ከወጥ ቤት በድንጋጤ ብቅ አለች። አማቴ የቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ።

«ሰምቻለሁ፣ ምን ያስጮህሃል!» ብለው መልሰው ጮኹብኝና ስፖንጁን ከፌስታሉ አወጡ። «የቱ ጋ ነው የሚገባው?»